ቆጮ ይተነፍሳል

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥሩ የሦስት ቀን ስልጠና ነው። «ፓኬጂንግ» በሚል ርእስ ጂማ ላይ ሰልጥኜ መጣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ በየሻይ ሰዓቱ ኬክ እየበላ የሰለጠነ ሰው ደግሞ ተመልሶ ዝም ብሎ ሥራውን አይሠራም። የሆነ ነገር መለወጥ አለበት፤ ካለበለዚያ ኬኩ ያንቀዋል።

አሠልጣኛችን የመጀመሪያው ቀን ላይ ከኪሱ አንድ ብስኩት አወጣና «ይሄንን ለምን ትገዛላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። «ሲርበን» አልነው። «አይደለም! መጠቅለያው ስለሚያምር ነው!» አለ። ሌሎቹ ሰልጣኞች ሳቁ። እኔ ግን እዚያው ተለከፍኩ። በመጨረሻው ቀን ለየማዕከሉ አንዳንድ የፕላስቲክ ማሸጊያ ማሽን ታደለን። ከጂማ ቦንጋ ድረስ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ሕፃኑ አልቅሶም አያውቅ?» ብለው ቀለዱብኝ። አልከፋኝም፤ ልጅ እንደ ወለደ ሰው ነበር የሚያደርገኝ።

ሥራዬን ላስተዋውቅ። ቦንጋ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የገበሬውን ምርት ከገዢ ጋር የሚያገናኝ ማዕከል አለ። ገበሬው ማሩን፣ ኮረሪማውን፣ አቮካዶውን ያመጣል። እኛ እንመዝናለን፣ እንለያለን፣ ገዢ እንፈልጋለን፣ መኪና እናፈላልጋለን። እኔ የዚህ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ሲሰሙት ደስ ይላል። በተግባር ግን በአንድ ጆሮ «ዕቃው መቼ ይደርሳል?» የሚል ገዢ፣ በሌላው «መኪናው መቼ ይመጣል?» የሚል ገበሬ ይዞ፣ መሐል ላይ «እየተነጋገርንበት ነው» እያሉ መኖር ማለት ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ስላደግሁ ስለ ምርት የማውቀው ሳህን ላይ ከቀረበ በኋላ ያለውን ታሪክ ብቻ ነበር። ቆጮን ለምሳሌ የማውቀው ከክትፎ አጠገብ ተቆራርጦ ነው። ከየት እንደሚመጣ ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ «ከጓዳ» እል ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን አቶ ደምሴ የሚባሉ ሰው ደወሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ክትፎ ቤት አላቸው። «የከፋ ቆጮ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔ ግን በቆጮ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በስልክ አልገዛም። ሐሙስ ጠዋት ራሴ መጥቼ አየዋለሁ። ከወደድኩት በየሁለት ሳምንቱ አነሳለሁ። ካልወደድኩት ግን ተለያየን፤ ሁለተኛ አትደውሉልኝ» አሉ።

ይህን ለእትዬ አየለች ነገርኳቸው። እትዬ አየለች ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ፣ የቆጮ አምራች ሴቶቹ ሊቀመንበር ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሲናገር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነው የሚሰሙት። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፤ አንዲት ቃል የሚያባክኑ አይደሉም። ሴቶቹ እስከዚያ ቀን ድረስ ቆጮአቸውን ሺሺንዳ ገበያ ተሸክመው ወጥተው፣ ያልተሸጠውን ተሸክመው የሚመለሱ ነበሩ።

«ሐሙስ የሚመጣው ሰው የእውነት ነው?» አሉኝ።

«የእውነት ነው።»

«ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። የዓመት ቀለባችን ነው። ጉድጓድ ከከፈትን አየር ገባ። ከወጣ ደግሞ አይመለስም። አሥራ ስምንት ቤት ነን። ለራሴ ብዬ አይደለም የምጠይቅህ፤ እነሱን እኔ ነኝ ክፈቱ የምላቸው።»

«እትዬ አየለች፣ በእኔ ይሁንብዎ» አልኳቸው። በእኔ ይሁን የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ምን እንደሚሆን አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

ሰኞ ዕለት ቆጮው መጣ። ያመጡት የማዕከላችንን ዕቃ የሚያመላልሱት ጋሽ ከድር ናቸው። አባታቸው ቦንጋ ገበያ ላይ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ሱቁን ለወንድማቸው ትተው አንዲት አሮጌ አይሱዙ ያዙ። ለዚያች መኪና ጎማ ያላቸው ስስት ለሰው የሚነገር አይደለም። አሥራ ስምንት ትልልቅ እስር ቆጮ አወረዱልኝ። እያንዳንዱ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሯል። ግን ምን ዓይነት አስተሳሰር! አንዱ ወደ ግራ የተቋጠረ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ሁለቴ የተጠማዘዘ፣ አንዱ ጫፉ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ። ቅጠሉም አንዱ ለምለም፣ ሌላው ጠርዙ የደረቀ። አሠልጣኛችንና ብስኩቱ ዓይኔ ላይ መጡብኝ። «እግዚኦ፣ ስታንዳርድ የለም!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ አየለች ቆጮውን ተከትለው መጥተው ነበር። ቅጠሉን ሁሉ ገፍፌ ቆጮውን እስር በእስር ወደ ነጭ ፕላስቲክ ከረጢት ስገለብጥ፣ ከዚያም ማሽኔን ስሰካ ቆመው አዩኝ። ማሽኑ ቀይ መብራቱ ይበራና ጢጥ ይላል። ያንን ድምፅ ስሰማ ሰውነቴን ደስ ይለዋል። በየከረጢቱ ላይ የማዕከላችን ስምና ስልክ ያለበት፣ ፏፏቴ የተሣለበት አንድ ዓይነት ወረቀት ለጠፍኩ። አሥራ ስምንቱም አንድ መልክ ሆኑ። ራቅ ብዬ በኩራት አየኋቸው።

«ልጄ» አሉ እትዬ አየለች፣ «ቆጮ ይተነፍሳል።»

«ምን አሉ?»

«ይተነፍሳል። ሕይወት አለው። አፉን ካፈንከው ይቆጣል።»

«እትዬ አየለች፣ ይሄ እኮ ስታንዳርድ ነው» አልኳቸው፣ በትዕግሥት ለማስረዳት በሚሞክር ሰው ድምፅ።

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከረጢቶቹን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «እሺ። አንተ ታውቃለህ» አሉ። አገራችን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው «አንተ ታውቃለህ» ካለህ ምንም አታውቅም ማለት ነው። ይህንን ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ማሽኑ ግን ጢጥ እያለ አዘናጋኝ። መሬት ላይ የተጣለውን ቃጫ አንድ በአንድ ለቅመው፣ አቧራውን አራግፈው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። «ቆሻሻውን እኛ እናጸዳው ነበር እኮ» ብያቸዋለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ማክሰኞ ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት ከረጢቶቹ ወፍረዋል። ትራስ አክለዋል። ጥሩ ምልክት ነው ብዬ አሰብኩ። ምን ያህል ጥሩ ቢሆን ነው አንድ ሌሊት አድሮ የሚደልብ ብዬ እጄን ጫን ሳደርግበት መልሶ ገፋኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፏፏቴው ተለጥጦ ሐይቅ ሆኗል። ያኔም ደንግጬ ከመደወል ይልቅ ቁጭ ብዬ የስልጠናውን ጽሑፍ አገላበጥኩ። ስለ ብስኩት ነው የሚያወራው።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ከድር ግቢው ውስጥ መኪናቸውን እያጠቡ ሳለ ከመጋዘኑ ውስጥ «ቧ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

ጋሽ ከድር ባልዲውን ጥለው መኪናቸው ሥር ገቡ። ስድስቱንም ጎማ በእጃቸው እየዳበሱ ዞሩ። «አልፈነዳም፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው ቀና ከማለታቸው ሁለተኛው «ቧ!» አለ። እንደገና ገቡ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎማ ጠጋኝ ደግሞ ሥራ የመጣለት መስሎት ክሪኩን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። «የማን ነው የፈነዳው?» አለ። በዚህ መሐል ሦስተኛውና አራተኛው ተከታትለው ሄዱ። ሦስታችንም ወደ መጋዘኑ ዞርን። ከበሩ ሥር የሚወጣው ሽታ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

«ማኔጀር» አሉ ጋሽ ከድር ቀስ ብለው፣ «ቆጮውን ምን ብለኸው ነው?»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው እንደ እኔ ላለው ሰው ነው። መከራው ግን ገና አልመከረኝም ነበር። ከቢሮ ወረቀት መያዣ ስፒል አምጥቼ የቀሩትን ከረጢቶች መውጋት ጀመርኩ። እያንዳንዱ በየራሱ ቅኝት እያፏጨ ተነፈሰ፤ መጋዘኑ የዋሽንት ትምህርት ቤት መሰለ። ሽታው ደግሞ ባሰ። አሁን እዚህ ላይ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው ስልክ ልደውል ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ከመጸዳጃ ቤት የአበባ ሽታ ያለውን ስፕሬይ አመጣሁ። ሁለት ጊዜ ፍስ ፍስ አደረግሁ። በሦስተኛው ከፈነዱት አንደኛው ከረጢት አፉን ከፍቶ እንደተኛ አላየሁትም፤ ስፕሬዩ እንዳለ ውስጡ ገባ። ጎማ ጠጋኙ አፍንጫውን ይዞ፣ ክሪኩን ተሸክሞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያኔ ነው ቁጭ ያልኩት። ሐሙስ ነገ ነው። አሥራ ስምንት ቤት ጉድጓዱን ከፍቷል። ከወጣ አይመለስም ተብያለሁ። ቀልዱ ሁሉ ከውስጤ ጠፋ። በእኔ ይሁን ያልኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ስልኬን አንስቼ ደወልኩ።

«እትዬ አየለች» አልኩ።

«ፈነዳ?» አሉኝ።

«ፈነዳ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር። «ፕላስቲኩን ሁሉ ቅደድ። አየር ይግባበት። በእጅህ አትንካው። ከድርን ላክልን» አሉ። ጋሽ ከድር ስድስቱን ጎማ ለመጨረሻ ጊዜ ዳብሰው ወጡ።

ከቀትር በኋላ አይሱዙዋ ግቢ ስትገባ ቅጠል የጫነች እንጂ ሰው የጫነች አልመሰለችኝም። ከቅጠሉ ሥር አሥራ ስምንት ሴቶች ወረዱ። እያንዳንዳቸው ከጓሯቸው የቆረጡትን ለምለም ኮባ ጠቅልለው በጀርባቸው አዝለዋል። እትዬ አየለች ነጠላቸውን ፈቱ። ሰኞ የለቀሙትን ቃጫ አንድም ሳይጎድል አወጡት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ ታወሰኝ። የትኛው የማን እንደሆነ አልጻፍኩም። ሁሉም ላይ ፏፏቴ ብቻ ነው ያለው።

«እትዬ አየለች፣ አንድ ነገር አለ» ብዬ ጀመርኩ። «ቆጮዎቹ አሁን የማን የማን እንደሆኑ አይታወቅም። ደባልቀን እኩል ብናካፍልስ?»

ለሴቶቹ በከፊኛ አስተረጎሙላቸው። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። አንዷ ከመሳቋ ብዛት ግድግዳ ደገፈች።

«ምን አሉ?»

«ልጆቻችሁ ሲጫወቱ ተደባለቁ፣ እኩል እንካፈላቸው አለ ብያቸው ነው» አሉ እትዬ አየለች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ ለሰው ስናገር አጋነንክ ይሉኛል። ስለ ሌላው ነገር ልክ ናቸው፤ ስለዚህ ግን አላጋነንኩም። ሴቶቹ ከረጢት ከከረጢት እየዞሩ ከቆጮው ቆንጠር አድርገው በሁለት ጣት መካከል ያሹታል፤ ያሸቱታል። አንዷ ሁለቱን አልፋ ሦስተኛው ላይ ቆመችና እጇን ጣል አድርጋ «የኔ ነው» አለች። ሌላዋ ደግሞ ከሩቁ ቀለሙን ብቻ አይታ «የኔ ነው» አለች። አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ዓይናቸው ደክሟል፤ ወደ አንዱ መርተው አስጠጓቸው። «የኔ አይደለም። ይሄ የጎረቤቴ ነው። ሁለት ክረምት ነው የቆየው» አሉ። ጎረቤታቸው ተጠርታ መጣች፤ የሷ ነበር። እነዚያን አሥራ ስምንት ከረጢቶች እኔ ሦስት ቀን አብሬያቸው ውዬ አንዱን ከሌላው አልለየሁም፤ እነሱ ግን ጥርጥር የሚባል ነገር አያውቁም። ደብተር አልያዙም፣ ቁጥር አልለጠፉም፤ ዱካው ጣታቸው ላይ ነው።

እትዬ አየለች ከሁሉም ጋር ነበሩ። አንዷን ሲያግዙ፣ ለሌላዋ ኮባ ሲያቀብሉ፣ ላዩ የደረቀውን ሲያነሱ፣ የተቆጣውን አየር እንዲያገኝ ሲያገላብጡ ቆዩ። በመጨረሻ አንድ ከረጢት ብቻ ቀረ። የአበባ ሽታ ያለው። እትዬ አየለች ጎንበስ ብለው ከታችኛው በኩል ቆነጠሩ፤ በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄ ያንተ ነው» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መሰለኝ። ከረጢቱን ወደ ጥግ ገፋሁት።

ሳይመሽ ሁሉም ታስሮ አለቀ። ግራው ወደ ግራ፣ ቀኙ ወደ ቀኝ፣ ሹሩባውም ሹሩባ ሆኖ። ሴቶቹ ቦንጋ ባሉ ዘመዶቻቸው ቤት አደሩ። የሰውየውን ፊት ሳያዩ አይሄዱም።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ደምሴ ከነኮፍያቸው ደረሱ። ቁመታቸው አጭር፣ ጢማቸው ሽበት፣ ሰላምታቸው ቁጥብ ነው። አንዱን ፈቱ። ቆነጠሩ፣ በሁለት ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። ያን ጊዜ ትላንት ያየሁትን እጅ አየሁና ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ሁለተኛውን ፈቱ። ሦስተኛውን። ዕድሜያቸው የገፋው ሴትዮ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ላይ ናቸው መሰለኝ። እኔም ጸሎት ላይ ነበርኩ።

«ባለፈው አንድ ቦታ ሄጄ» አሉ አቶ ደምሴ ድንገት፣ ለሁላችንም፣ «ቆጮ በፕላስቲክ አሽገው ሲያቀርቡልኝ ከበር ነው የተመለስኩት። ሰው እንዴት ሕይወት ያለውን ነገር ያፍናል?» ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እናቶቼ፣ እዚህ በኮባ ይሁን ያለው ማነው?»

ጋሽ ከድር ሳል ያዛቸው። አሥራ ስምንቱም ሴቶች እኔን አላዩም፤ አንዳቸውም! ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ማሽኔ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሏል። እትዬ አየለች ቀስ ብለው ሄደው የነጠላቸውን ጫፍ አለበሱት።

«የማዕከላችን ስታንዳርድ ነው» አሉ።

እዚያው ብሰምጥ ደስ ባለኝ። አቶ ደምሴ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ይኼ ቆጮ ነው» አሉ። «በየሁለት ሳምንቱ እወስዳለሁ።» እልልታው ጎማ ጠጋኙን እንደገና ከነክሪኩ አመጣው።

ሲጫን አቶ ደምሴ ቆጠሩ። «አሥራ ስምንት ብለኸኝ ነበር፤ ይሄ አሥራ ሰባት ነው» አሉኝ።

እኔም ቆጠርኩ። እስሮቹን ቆጠርኩ፣ ሴቶቹን ቆጠርኩ። ከዚያ «የኔ ነው» ያላለች ማን እንደሆነች በልቤ ፈለግሁ። ጥግ ላይ ያለውን ከረጢት አየሁ። እትዬ አየለችን አየሁ።

«አንዱ ለማዕከሉ ቀርቷል» አሉ እሳቸው ቶሎ ብለው።

መኪናው ከወጣ በኋላ አጠገባቸው ሄድኩ። «የእርስዎ ነበር» አልኳቸው።

«የኔ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ታለቅሳለህ። ሥራ ነበረብን» አሉ። እውነታቸውን ነው። አለቀስኩ።

እንዲህ ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም። የዓመት ቀለቧን ያበላሸባትን ሰው በሰው ፊት የሸፈነች ሴት! እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ለከተማው ሁሉ በድምፅ ማጉያ እናገር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሺሺንዳ ወረድኩ፤ ጭቃውን ረግጬ መንደራቸው ደረስኩ። ሌሎቹ ሁለት ሦስት ጉድጓድ አላቸው፤ የእሳቸው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አፉን ከፍቶ ባዶውን ነው። «ልሞላው መጣሁ» አልኳቸው። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነውና ወንድ እዚያ አካባቢ ብዙም አይታይም። ሴቶቹ መቀመጫ ይዘው ሊያዩኝ መጡ። የእንሰቱ ውሃ እጄን ያሳክከኝ ጀመር፤ ሳክ፣ ስፍቅ ዋልኩ። ከፋቅሁት ይልቅ ያሳቅሁት ይበዛል። ሆኖም ጉድጓዱ ሞላ፤ በኮባ አልብሰን ድንጋይ ጫንንበት።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቆጮ ሲጫን አሥራ ሰባት ነበር፤ የእትዬ አየለች ገና ጉድጓድ ውስጥ እየተብላላ ነው። ማሽኑን ለኮረሪማ አዋልኩት፤ ኮረሪማ ደርቆ ስለሚመጣ አይቆጣም።

ወራት አለፉ። ባለፈው ሐሙስ ትንሽ አርፍጄ ማዕከሉ በር ላይ ስደርስ ቆጮው ወርዶ፣ አሥራ ስምንት ሆኖ ተደርድሯል። አቶ ደምሴ አንድ እስር ፊት ቆመው ግራ ገብቷቸዋል። ቋጠሮው ወደ ግራም አይደለም፣ ወደ ቀኝም አይደለም፤ ተወላግዶ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ከሞላነው ጉድጓድ አውጥተን፣ እትዬ አየለች ጓሮ እየሳቁብኝ አምስት ጊዜ ፈትቼ ያሰርኩት ነው። አቶ ደምሴ ቆንጠር አድርገው አሸተቱ። «ቆጮው ደኅና ነው፤ አስተሳሰሩ ግን ምንድነው? ይሄ የማን ነው?» አሉ።

እትዬ አየለች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እኔን አዩ። ሌሎቹም ተከትለው አዩኝ። ከበሩ ሆኜ፣ ሳልቆነጥር፣ ሳላሸት አውቄዋለሁ።

«የኔ ነው» አልኩ።